በቡና ማጠቢያ ጣቢያ አዲስ ዘዴን መሞከርና ነባሩን እውቀት መያዝ

በጅማ ዙሪያ በሚገኙ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ዋናው እውቀት ብዙ ጊዜ ያለው በአንድ ሁለት አንጋፋ ሠራተኞች እጅ ነው። እነሱ ሲለቁ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ነባሩን አሠራር ጻፉት። «ቡናው ሲብላላ ይታጠባል» ማለት አይበቃም። ባለሙያው እጁን ገንዳው ውስጥ ከትቶ ፍሬውን ሲያሸው የሚያዳልጠው ልባስ ለቆ እንደ ጠጠር ሲሻክረው ነው የሚያጥበው፤ ይህንኑ ከሰዓቱ ጋር መዝግቡ። ማብላላቱ፣ ማለትም ቡናው ልባሱ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ፣ እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ሰዓት ብቻውን አይመራም፤ ካለፈበት ቡናው ይኮመጥጣል።

ሙከራውን በትንሹ ጀምሩ። የአንድ ቀን፣ የአንድ ቀበሌ እሸት ለሁለት ይከፈልና አንዱ በነባሩ፣ ሌላው በአዲሱ ዘዴ ይሂድ። ለሙከራው ከ10 የማድረቂያ አልጋ 2ቱ ይበቃሉ። የምትለውጡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። የማብላያውን ሰዓትም አልጋ ላይ የሚሰጣውን ውፍረትም አንድ ላይ ከለወጣችሁ ጣዕሙን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁም፤ ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

በየአልጋው ካርድ ይንጠልጠል፦ የተሰጣበት ቀን፣ የተሸፈነበት ሰዓት፣ እርጥበቱ። እርጥበቱ 11 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቡናው ይነሣ። ካርዱ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን፤ ቡናውን አልጋ ላይ የሚያገላብጡት ሠራተኞች ካላነበቡት አይሞላም።

ቀማሹ የትኛው የሙከራው እንደሆነ ሳይነገረው ይቅመስ። ውጤቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከተደገመና የጉልበት ወጪውን ከሸፈነ አዲሱን ጽፋችሁ ለጥፉ፣ አሮጌውን ወረቀት አንሡ። ያልሠራውንም ከነምክንያቱ አስቀምጡ፤ አለዚያ ከርሞ ሌላ ሰው ያንኑ ይደግመዋል።