የድምፅ ካርድን ለሌዘር ብርሃን ትርኢት ማዘጋጀት

የሌዘር ሥዕል የሚሣለው ጨረሩን በሚያወዛውዙ ሁለት ትንንሽ መስታወቶች ሲሆን፣ መስታወቶቹን የሚያዝዘው ቮልቴጅ ነው። የኮምፒውተርን ድምፅ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚልከው የድምፅ ካርድም የሚያወጣው ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ስምንት መውጫ ያለው የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ በደብረ ብርሃን ለሚዘጋጅ የአዲስ ዓመት ዝግጅት ይበቃል፤ ሁለቱ መውጫዎች ለመስታወቶቹ፣ ሦስቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም ይመደባሉ።

ሆኖም ካርዱ የተሠራው ለጆሮ ነው። በየመውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) የማይለዋወጠውን ቮልቴጅ ስለሚያግድ፣ መስታወቱ ከመሀል ርቆ መቆየት አይችልም፤ ሥዕሉም ይዛባል። በመሆኑም ካፓሲተሮቹን በብየዳ ካውያ ነቅሎ ቦታቸውን በአጭር ሽቦ ማገናኘት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዕቃዎቹ በተበየዱበት ሰሌዳ ላይ ያለው የመዳብ መስመር በሙቀት ከተላጠ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

ከዚህ በኋላ መውጫው ዜሮ ላይ ሳይሆን በብዙ ካርዶች ላይ ወደ 2 ቮልት በሚጠጋ መነሻ ላይ ስለሚቆም፣ መነሻውን በመልቲሜትር (በቮልቴጅ መለኪያ) ለክቶ በኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር (ቮልቴጅን በሚያጎላ ቺፕ) መቀነስና ምልክቱን ማጉላት ይገባል። የኢልዳ (የዓለም አቀፉ የሌዘር ትርኢት ማኅበር) ደንብ ለመስታወቶቹ በሁለት ሽቦዎች መካከል እስከ 10 ቮልት፣ በፖዘቲቭም በኔጋቲቭም፣ ለቀለማቱ ደግሞ ከ0 እስከ 5 ቮልት ይጠይቃል።

የደጋው ጉም ጨረሩን ያለ ጭስ ማሽን አድምቆ ያሳያል፤ ይሁንና ጨረሩ ከሰው ራስ እጅግ ከፍ ብሎ ይለፍ፣ ወደ ሰማይም አይነጣጠር። ኮምፒውተሩ ቢቆም መስታወቱም ቆሞ ጨረሩ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሌዘሩን ወዲያውኑ የሚያጠፋ ሰርኪዩት ሳይገጠም ትርኢቱ መጀመር የለበትም። ሌዘሩም ከሁሉም መጨረሻ ይብራ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ መስታወቶቹን ያንቀሳቅሳልና።