ጀበና ፎቶ ስታነሱ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ጀበና አትንቀሳቀስም፣ አትሰለችም፣ «በቃ፣ አነሳህ?» ብላ አትነጫነጭም። የፎቶ ቅንብር መለማመድ ለሚፈልግ ሰው ከእሷ የተሻለ ሞዴል አላውቅም። ችግሩ ያለው እኛው ጋ ነው።

ትልቁ ስህተት ሁሉን በአንድ ፎቶ ማጨቅ ነው። ረከቦቱ፣ ስድስቱ ስኒ፣ ፈንዲሻው፣ ቀጤማው፣ ከጀርባ ደግሞ የበራ ቴሌቪዥን። ያየው ሰው ቡና መፈላቱን ያውቃል እንጂ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። ፎቶ አንሺው አንድሬ ኬርቴስ እ.ኤ.አ. በ1928 ፓሪስ ውስጥ ያነሳው ዝነኛ ፎቶ ላይ ያለው የሳህን ጠርዝ የተደገፈ አንድ ሹካና ጥላቸው ብቻ ነው። እናንተም በአንድ ስኒና በጥላዋ ጀምሩ።

ሁለተኛው፣ ቆሞ ማንሳት። ጀበና መሬት አጠገብ ናት፤ ከላይ ስናያት አንገቷ ያጥራል፣ ፎቶውን ወለሉ ይሞላዋል። በርከክ በሉና ስልኩን ከሆዷ ትይዩ አድርጉት። እንደ እንጀራ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ከሆነ ደግሞ ቀጥ አድርጋችሁ ከአናቱ አንሱት። የሚያበላሸው መሃል ቤት ያለው አንግል ነው።

በጣም መጠጋትም አለ። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ፣ የቀረበውን ነገር አጋኖ ያሳብጠዋል። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብላችሁ በሁለት እጥፍ ዙም ስታነሱ የጀበናዋ ቅርጽ ይመለሳል።

ጠርዙን ሳያዩ መጫን፦ እጀታዋ ፎቶው ጫፍ ላይ ልትነካ ምንም አልቀራት፣ ከአንገቷ ጀርባ የወንበር እግር በቅሏል። መቁረጥ ከፈለጋችሁ በድፍረት ቁረጡ፤ ካልፈለጋችሁ ቦታ ተዉላት።

ስክሪኑን በሦስት በሦስት የሚከፍሉትን መስመሮች ክፈቷቸው፣ ይጠቅማሉ። ግን አትገዙላቸው። ከአናቱ የተነሳ መሶብ መሃል ላይ ቢቀመጥ ማን ይከሰዋል?

ብርሃን ላይ ግን ቆም እንበል። ቀን በመስኮት ብርሃን እያነሳችሁ የቤቱ አምፖል ከበራ፣ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ቢጫ ይሆናል፤ አምፖሉን አጥፉት። ፍላሽ ጥቁሩን ሸክላ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከጎን የሚገባ የመስኮት ብርሃን ግን ክብነቱን ያወጣዋል። ስልኩ ደግሞ ጥቁር ሲያይ የጨለመ መስሎት ያፈካዋል፣ ጀበናዋም ግራጫ ትሆናለች። ስክሪኑ ላይ ጀበናዋን ነካ አድርጋችሁ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ወደታች ጎትቱ።

እንፋሎቱ አልታይ ካለ ጥፋቱ የቡናው አይደለም። እንፋሎት የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና ከጀርባው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው። እኔ መስኮቱን ከኋላዬ አድርጌ አቦልን አሳለፍኩ፣ ቶናንም አሳለፍኩ፤ ዞሬ ፊት ለፊት የተቀመጥኩት በበረካ ነው። ጎረቤቶቼ ቅር አላላቸውም፤ እንፋሎቱ ግን ያኔ ቀጥኖ ነበር።