ማርሹ ሲዘል ኬብሉን አትንኩ፦ የጭቃ እሽቅድምድም ብስክሌት ችግርና መፍትሄ

ክረምት በገባ ቁጥር ጎንደር ውስጥ በጭቃ የሚሽቀዳደሙ ልጆች ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ እኔ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ይዘው የሚመጡት አንድ ዓይነት ብልሽት ነው፤ የሚነግሩኝም አንድ ዓይነት የተሳሳተ ምክንያት ነው። «ጋሼ፣ ኬብሉ ላልቷል መሰለኝ።» ኬብሉ አልላላም። ይህን ለእያንዳንዱ በአፍ ከመናገር አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻለኛል። ጎማ መንፋት፣ ዳዶ ማጥበቅና ሰንሰለት ዘይት መቀባት ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ።

ሳይክሎክሮስ የሚባለው ውድድር በሣር፣ በጭቃና በዳገት ላይ አጭር ዙር እየደጋገሙ የሚነዱበት፣ መንዳት የማይቻልበት ቦታ ሲደርስም ብስክሌቱን ተሸክመው የሚሮጡበት ነው። ስፖርቱ በሚወደድበት በቤልጅየም ተወዳዳሪው ወደ መቀየሪያው ስፍራ ገብቶ ጭቃ የበላውን ብስክሌት ለረዳቱ ይተውና ታጥቦ የተዘጋጀውን ይዞ ይወጣል። እኛ ዘንድ ሁለተኛ ብስክሌት ያለው ተወዳዳሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ አንዳንዱማ የያዘው አንዱም የወንድሙ ነው። እነሱ ዘንድ ብስክሌት ቀይሮ የሚታለፍ ብልሽት እኛ ዘንድ የውድድሩ መጨረሻ፣ አንዳንዴም የክረምቱ መጨረሻ ይሆናል።

ምልክት፦ ማርሹ ሳይነካ ይዘላል፤ ሰንሰለቱ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጣ ከኋላ ቸርኬ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ይሰማል

ምክንያቱ ማንጠልጠያዋ መታጠፏ ነው። (ጥርስ የምለው ከኋላ ጎማው ላይ ሰንሰለቱ የሚቀያየርባቸውን ጥርሳም ቀለበቶች እያንዳንዳቸውን ነው።) የኋላው ማርሽ ቀያሪ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኘው አውራ ጣት በማታህል ብረት ነው፤ እኔ ማንጠልጠያ እላታለሁ። በአሉሚኒየም ብስክሌቶች ላይ በአንድ ወይም በሁለት ትንንሽ ብሎኖች የምትታሰር፣ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ አደጋ ሲመጣ እሷ ታጥፋ ፍሬሙ እንዲተርፍ። በብረት ፍሬሞች ላይ ወይ ከፍሬሙ ጋር አንድ አካል ናት፣ ወይም በርካሾቹ ላይ በኋላ ጎማው ዳዶ ተጨንቃ የምትያዝ ቀጭን ብረት። ከሁሉም የምትከፋው ይህች የመጨረሻዋ ናት፤ ዳዶው በላላ ቁጥር ቦታዋን ትለቃለች።

ለምን ትታጠፋለች? ዋልካን ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ደንቢያ ሜዳ ሲወረድ ያለው ጥቁር አፈር ሐምሌ ላይ ሲረጥብ ጫማ ላይ እንዴት እንደሚደራረብ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከሣር ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ጭቃ መሆኑ ይቀርና ለግድግዳ የተቦካ የጭድ ምርጊት ይሆናል። ይህ ምርጊት ሰንሰለቱን በሚመሩት ሁለት ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች መካከል ይገባና ያጣብቃቸዋል። ሰንሰለቱ ከታች አልሄድም ይላል። ልጁ ፔዳሉ መክበዱ ይሰማዋል፤ ግን ከኋላው ጓደኛው እየደረሰበት ስለሆነ ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ይረግጣል። የተያዘው ሰንሰለት ማርሽ ቀያሪውን ወደ ኋላና ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ማንጠልጠያዋ ትታጠፋለች። ዕድለኛ ከሆነ እዚያ ላይ ይቆማል። ካልሆነ ቀያሪው የቸርኬው ሽቦዎች መካከል ይገባና ሁሉም ነገር በግማሽ ዙር ያልቃል።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ብስክሌቱን በትከሻው፣ ማርሽ ቀያሪውን በፌስታል ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ፌስታሉን ሲዘረግፈው ቀያሪው፣ የማንጠልጠያዋ ግማሽና አንድ ጭብጥ ሣር ወጣ። የተሰበሩትን የቸርኬ ሽቦዎች ስቆጥር ሰባት ሆኑ። እሱ የሚያዝነው ለሌላ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ አንደኛ ነበርኩ እኮ!» ፔዳሉ ሲከብድህ ለምን አልወረድክም አልኩት። ሰው እያየ ብስክሌት ተሸክሞ መሮጥ እንደሚያሳፍረው ነገረኝ። ይህ ስፖርት ግማሹ መሸከም ነው! በደንቡ ውስጥ እንኳ ተወዳዳሪው ወርዶ እንዲዘላቸው እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ጣውላዎች መንገዱ ላይ ይተከላሉ። ሳይወርዱ የሚጨርሱት ውድድር ከፈለጋችሁ አስፋልቱ አለላችሁ።

ሌላው የመታጠፊያ መንገድ ጭቃ እንኳ አያስፈልገውም። አንዱ ደንበኛዬ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በቀኝ ጎኑ አጋድሞ፣ ረዳቱ ሁለት ጆንያ ጤፍ ደርቦበት ሄደ። ሲወርድ ማርሹ ይዘላል። እዚያው ያገኘው ባለሙያ ኬብል ቀየረለት። አልተሻለውም። ሌላው ደግሞ ማርሽ ቀያሪውን በሙሉ ለወጠለት፤ ይህም አልሠራም፤ አዲሱ ቀያሪ የተሰቀለው በዚያችው በጠመመች ማንጠልጠያ ላይ ነው። እኔ ዘንድ ሲደርስ የብስክሌቱን ሩብ ዋጋ ጨርሶ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ እዩ። ሰንሰለቱን መካከለኛ ጥርስ ላይ አድርጉና ከብስክሌቱ ኋላ ቁጢጥ በሉ። ከላይ ያለው ጥርስና ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች ቁልቁል አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። የታችኛዋ ጎማ ወደ ቸርኬው ካዘነበለች ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ማቅኛ መሣሪያው አለ፤ ውድ ነው፤ ገበያችን ላይም እንደ ልብ አይገኝም። እኔ የምሠራበት ሌላ የኋላ ጎማ ነው። የማርሽ ቀያሪው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር የክር ርቀት አለው። በእጅ መዘውር የሚጠብቁና የሚፈቱ የኋላ ጎማዎች የመሐል ዘንግም ብዙውን ጊዜ ይኸው ልክ ነው። ቀያሪውን ፍቱ። ከትርፍ ጎማው ውስጥ መዘውሩን አውጡና ጥርስ የሌለበትን ጎን ወደ ማንጠልጠያዋ አዙራችሁ በእጅ ብቻ አስገቡት። ያለ ችግር ሁለት ሦስት ዙር መግባት አለበት። እንቢ ካለ አታስገድዱ! ዳዶ የሚታሰርባቸው ድፍን ዘንጎች አንዳንዶቹ በመጠን ትንሽ ያንሳሉ፤ የገቡ ይመስላሉ፣ ከዚያ ክሩን ይበሉታል። ክሩ የተበላባት ማንጠልጠያ ከታጠፈችው ትብሳለች።

አሁን ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ የብስክሌቱ፣ አንዱ ከማንጠልጠያዋ የወጣው። በሁለቱ ቸርኬዎች መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ከላይ፣ ከታች፣ ከፊትና ከኋላ ለኩ። አራቱም እኩል ከሆኑ ማንጠልጠያዋ ቀጥ ብላለች። እኔ ከታች 31፣ ከላይ 58 ሚሊ ሜትር ያገኘሁበት ቀን አለ፤ ባለቤቱ «ትንሽ ብቻ ነው የሚዘለው» ሲለኝ ነበር። ትርፉን ጎማ በሁለት እጅ ይዛችሁ ክፍተቱ ወደ ጠበበበት ተቃራኒ በቀስታ ግፉ፤ ልቀቁት፤ ለኩ፤ እንደገና ግፉ። ብረቱ ትንሽ ስለሚመለስ ከሚፈለገው ጥቂት አልፎ መግፋት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያንስ አቁሙ። ፍጹም እኩል ላድርጋት ብላችሁ ወዲህና ወዲያ ስታጥፏት እጃችሁ ላይ ትሰበራለች።

በመዶሻ አትምቱ። በእሳት አታሙቁ። ቀያሪውን ራሱን ጨብጣችሁ አትጎትቱ፤ ማንጠልጠያዋን ልታቀኑ ስትሉ ቀያሪውን ታጣምሙታላችሁ፣ ከዚያ ሁለት ጠማማ ይኖራችኋል። የብረት ማንጠልጠያ ደጋግሞ መቃናት ይችላል። የአሉሚኒየሟን አንድ ጊዜ አቀናታለሁ፣ ቢበዛ ሁለት፤ ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ጉድጓድ እንደምትሰበር ለባለቤቱ ነግሬው ነው የማስረክበው።

ከተቃናች በኋላ ቀያሪውን መልሱና መጀመሪያ የወሰን ብሎኖቹን አስተካክሉ። ኤል የሚል ፊደል ያለባት ብሎን ሰንሰለቱ ከትልቁ ጥርስ አልፎ ቸርኬው ውስጥ እንዳይገባ የምትከለክለው ናት። ኬብሉ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከዚህ በፊት አይደለም። ከትልቁ ጥርስ ኋላ የነበረችውን የፕላስቲክ ሳህን «የልጅ ብስክሌት ታስመስላለች» ብላችሁ አውጥታችሁ ከጣላችሁ ደግሞ ይህችን ብሎን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

እንዳትታጠፍ ማድረጉ ግን ከሁሉም ይቀላል። ፔዳሉ ያለ ዳገት ከከበደ እግራችሁን አንሡ፤ ውረዱ፤ ጭቃውን በእንጨት ከቀያሪውና ከፍሬሙ ጫፎች ቆንጥራችሁ አውጡ፤ ወይም ተሸክማችሁ ዋልካውን ተሻገሩ። በግራ በኩል ውረዱና በቀኝ ትከሻችሁ ላይ ተሸከሙት፤ ያኔ ሰንሰለቱ ከሰውነታችሁ ውጭ ይሆናል። ስታጋድሙት ሁልጊዜ በግራ ጎኑ። ሚኒባስ ላይም፣ ሣር ላይም፣ ቤትም። ጎማውም ነገር አለው፦ ዓለም አቀፉ ደንብ የሳይክሎክሮስ ጎማ ከ33 ሚሊ ሜትር እንዳይሰፋ ይገድባል፤ እኛ ዘንድ ከ50 የሚበልጥ የተራራ ብስክሌት ጎማ ገጥመው ዋልካ ውስጥ ይገባሉ። ሰፊው ጎማ ጭቃውን ተሸክሞ ይነሣል፤ ከፍሬሙ ጋር ያለው ክፍተትም ጠባብ ስለሆነ ጎማው ራሱ ይቆማል። ፍሬሙ የሚቀበል ከሆነ ለክረምት ቀጠን ያለውን ግጠሙ።

ምልክት፦ ሰንሰለቱ የሚዘለው ተነሥታችሁ በኃይል ስትረግጡ ብቻ ነው

ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ሰንሰለቱ አልቋል። ከአንድ ፒን መሐል ጀምራችሁ 24 ፒን ቆጥራችሁ እስከ መሐሉ ለኩ። አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306 ተኩል ከሆነ ቀይሩት። 308 ከደረሰ የኋላውም ጥርስ አብሮ ሄዷል፤ አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ ከበፊቱ ብሶ ይዘላል፣ እናንተም «የሸጥክልኝ የማይረባ ነው» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ሰንሰለት ላይ የምታፈሱ ደግሞ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ሞረድ እንደሚሆን እወቁት።

ምልክት፦ ከፔዳሉ መሐል ወይም ከጎማው መሐል የሚንገጫገጭ ድምፅ ይሰማል

ላቫጆ ወስዳችሁታል። ለመኪና የተሠራው የግፊት ውኃ ግሪሱን ከኩሽኔታው አስወጥቶ ውኃና አሸዋ ይተካበታል። ውድድሩ እሑድ ነው፤ ሰኞ ብስክሌቱ ያበራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይጮኻል። በባልዲና በጨርቅ እጠቡ። ግፊት ያለውን ውኃ ወደ ጎማው መሐልና ወደ ፔዳሉ ዘንግ አታቅኑ። ወደ መሪው አንገትም አታቅኑ። የጮኸውን ፈትቶ አጥቦ ግሪስ መሙላት ይቻላል፤ ኳሶቹ ከተቦረቦሩ ግን መቀየር ብቻ ነው።

ምልክት፦ ፍሬኑ ከጎሃ ኮረብታ ሲወረድ አይዝም

የፍሬኑን ላስቲክ እዩ። አሸዋማ ጭቃ በአንድ ውድድር ሊጨርሰው ይችላል። ላስቲኩ ውስጥ የተሰነቀሩትን ጠጠሮች በመርፌ ልቀሙ፤ ካልተለቀሙ ቸርኬውን ይቆርጡታል። ፍሬኑ ዲስክ ከሆነና ዲስኩን የሚነክሰውን ፓድ ዘይት ከነካው፣ መፋቁ አያዛልቅም፤ ፓዱን ቀይሩት።

ካላማዳሪያው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከተገኘ እሾህ አይደለም፤ ንፋሱ አንሶ በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል። የግራ ፔዳል ክር ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ፔዳሉ ሲዞር ብስክሌቱ ካልሄደ የኋላ ጥርሱ ውስጥ ያሉት መያዣዎች በደረቀ ግሪስ ተጣብቀው ይሆናል፤ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ በናፍጣ ይታጠባል።

ትርፍ ማንጠልጠያ ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌዋን፣ ተሰብራም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ቅርጿ በየብስክሌቱ ይለያያል፤ «ለሁሉም ትሆናለች» የሚላችሁ ነጋዴ ሠርቶባት አያውቅም። የብሎን ቀዳዳዎቹን ደርባችሁ በብርሃን አስተያዩ። ከተገኘ ሁለት ግዙና አንዷን ከነብሎኗ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ከኮርቻው ሥር እሰሯት፤ የምትፈታበትን መፍቻም አብራችሁ።