ኩምበርላንድ ደሴት ስትሄዱ ምሳችሁን ቋጥሩ

አትላንታና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ከከተማ ጫጫታ መራቅ ካማራችሁ ኩምበርላንድ ደሴትን እዩዋት። ጆርጂያ ደቡብ ጫፍ ላይ ያለች፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም ጸጥ ያለች ደሴት ናት። መኪናችሁን ሴንት ሜሪስ ከተማ አቁማችሁ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ጉዞው 45 ደቂቃ ያህል ነው። ጀልባው መኪና አይጭንም። በቀን የሚገባው ሰው የተወሰነ ስለሆነ ትኬት ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ዋናው ምክሬ ስለ ስንቅ ነው። ደሴቷ ላይ ሱቅ የለም! አንዲት ብስኩት እንኳ አትገዙም። በተለይ ልጆች ካሏችሁ ምሳ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬና በቂ ውሃ ያዙ። እኔ ደረቅ ፍርፍር በክዳን ዕቃ መያዝ እወዳለሁ፤ ሳይሞቅ ይበላል፣ አይፈስም። ፌስታልም አትርሱ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ነው የምትመለሱት።

ሲ ካምፕ ከሚባለው ወደብ ወርዳችሁ ወደ ባሕሩ ስትሄዱ መንገዱ በትልልቅ የኦክ ዛፎች ሥር ያልፋል። ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ ግራጫ ተክል ታያላችሁ። እዚያ ጋ አትቸኩሉ። በዱር የሚኖሩ ፈረሶችም ድንገት ብቅ ይላሉ። ሲያዩዋቸው ያሳሳሉ፤ ግን ይራገጣሉ፣ ይነክሳሉ፣ ልጆቻችሁን አርቁ። ሽፍን ጫማ አድርጉ፤ ሣሩ ውስጥ መዥገር አለ።

ደግሞ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። የመጨረሻው ጀልባ ካመለጣችሁ በራሳችሁ ወጪ ሌላ ጀልባ መከራየት ነው።