ሰፈራችሁ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሊሠራ ነው ከተባለ ከየት ትጀምራላችሁ?

አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ነገሩ አይጠፋችሁም። ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት የኖረ ሜዳ አንድ ጠዋት በቆርቆሮ ታጥሮ ይገኛል። ከዚያ ወሬው ይጀምራል፦ ትልቅ ሱፐርማርኬት ነው፣ የውጭ ድርጅት ነው፣ ጉሊቱም ሊነሳ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮና የጅምላ ንግዱን ለውጭ ባለሀብቶች ስለከፈተ እንዲህ ያለ ወሬ ብትሰሙ አይግረማችሁ። መቃወም መብታችሁ ነው። ግን ቶሎ ጀምሩ፣ በጽሑፍም ይሁን። መሠረት ከተቆፈረ በኋላ የሚነሳ ጩኸት ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም።

መጀመሪያ ቦታው በማን ሥር እንደሆነ አጣሩ። ዳር ላይ ስለምንኖር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ ግን በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለው ሸገር ከተማ ናቸው። የማይመለከተው ቢሮ ደጅ ስትጠኑ ጊዜው ያልፋል። ጉዳዩ የሸገር ከሆነ ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ አስጽፉት፣ የቢሮው የሥራ ቋንቋ ነውና ቶሎ ይታይላችኋል።

ቀጥሎ ጠይቁ፦ ቦታው በመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ላይ ለምን ተመደበ? ለንግድ፣ ለቅይጥ (ለመኖሪያም ለንግድም)፣ ለአረንጓዴ ወይስ ለትምህርት ቤት? ለአረንጓዴ ወይም ለትምህርት ቤት ከሆነ ከዚህ የበለጠ መከራከሪያ አታገኙም። የግንባታ ፈቃድ ወጥቷል ወይ? የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቷል ወይ? ይህን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የጠየቁት በቃል ይቀራል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፉ እንዳትወጡ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ (ቁጥር 590/2000) ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዝም ካለ ወይም ከከለከለ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለላችሁ።

ሰው ለማሰባሰብ ከእድር የተሻለ ቦታ የለም። ሁሉም ይተዋወቃል፣ ሊቀመንበሩ ይከበራል፣ ስብሰባ ሲጠራ ሰው ይመጣል። ግን እድሩን እንዳለ ተቃዋሚ አታድርጉት፤ ከአባላቱ ሱፐርማርኬቱን የሚፈልጉ ይኖራሉ፣ የእድሩም ገንዘብ የለቅሶ ገንዘብ ነው። ራሱን የቻለ ኮሚቴ ይመረጥ። ባለሱቅ ብቻ የሞላበት ኮሚቴ "ለገበያቸው ነው" ተብሎ ይጣላል፣ ስለዚህ ጉሊት የምትሸጥ እናት ትኑርበት፣ ተከራይ ይኑርበት፣ ከተቻለ "ቢሠራ ይሻላል" የሚልም አንድ ሰው ይግባበት። ቃለ ጉባኤ ያዙ። ፊርማ ስታሰባስቡ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ይኑር። አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ አይፈርም፤ አንድ የሐሰት ፊርማ ከተገኘ የሁሉም ድካም ገደል ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ምን ብላችሁ ነው የምትቃወሙት? "ገበያችን ይቀዘቅዛል" ብቻ ካላችሁ "ንግድ ነፃ ነው" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። በዓይን የሚታይ ነገር ያዙ። የመንገዱን ስፋት በሜትር ለኩ፣ ጭነት መኪና ቆሞ ሲያራግፍ አምቡላንስ ያልፋል ወይ? በክረምት ጎርፉ በየት ይወርዳል? ሜዳው ሲገነባበትስ ወደ ማን ግቢ ይዞራል? ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ከሆነ ፈረቃውን ጻፉና አያይዙ፤ ትልቅ ሕንፃ ከዚያው መስመር ሊቀዳ ነው።

ከዚያ የሱቆቹን ነገር በአኃዝ አስቀምጡ። ስንት ሱቅ አለ፣ ስንት ሰው ይተዳደርበታል፣ ስንት ቤተሰብ በዱቤ ይገዛል? ይህን የዱቤ ነገር አደራ፣ አቅልላችሁ አትዩት። ደመወዝ እስኪወጣ ዘይትና ስኳር በደብተር የሚያስመዘግብ፣ ሩብ ኪሎ ሽንኩርት የሚገዛ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ልጁን ሻማ ግዛ ብሎ የሚልክ ሰው በሱፐርማርኬት ካሸር ፊት ምንም አያገኝም። ሱቆቹ ሲዘጉ የሚጎዳው ባለሱቁ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ ቁጥር ነው። ባለሱቆቹ ደብተራቸውን ቆጥረው የቤተሰቡን ብዛት ብቻ ይስጡ፤ የማንም ስምና ዕዳ ከደብተሩ አይውጣ።

ደብዳቤው ላይ ሕጉን ጥቀሱ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፣ አንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ጉዳይ ይህንኑ ይላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ለወረዳው ጻፉ፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማውና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ።

ይዞታው የሚነሳ ሰው ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣውን፣ በ2016 የተሻሻለውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው ይዛችሁ የሕግ ባለሙያ ጋ ሂዱ። አዋጁ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ሆነው ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። ይህን ዕድል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የመነሻ ትእዛዙ የደረሰበትን ቀን መዝግቡ፣ የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው።

ሰልፍ? በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። እኔ ግን ደብዳቤዎቹ መልስ ሳያገኙ ሰልፍ አልመክርም። ቆርቆሮ መገንጠል፣ ማሽን ማስቆም ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። ልጆቻችሁ ይታሰራሉ፣ ጉዳዩም የጸጥታ ጉዳይ ይሆናል።

ግንባታው ቢፈቀድም በሩ አልተዘጋም። ከባለሀብቱ ጋር ወረዳው ባለበት ተቀመጡ። ጭነት መኪና የሚገባበት ሰዓት፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ለጉሊት እናቶች የመሸጫ ቦታ፣ ለሰፈሩ ወጣቶች ሥራ፤ እነዚህን ጠይቁ። የተስማማችሁበት በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ተፈርሞና የወረዳው ማህተም አርፎበት አንዱ ቅጂ እናንተ ጋ ይቀመጥ፣ ለእያንዳንዱም የሚፈጸምበት ቀን ይጻፍለት።