ልጁ ሳንቲም ዋጠ? ባትሪ አለመሆኑን አረጋግጡ

ድሬ ላይ ልጅ አንድ ነገር ሲውጥ ሰፈሩ ሁሉ «ተዪው፣ በራሱ ይወጣል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ክብ ጠፍጣፋው ባትሪ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ በሚሸጡት የሚያበሩ መጫወቻዎችና ትንንሽ ሪሞቶች ውስጥ ይገኛል፣ ሲያዩት ደግሞ ቁርጥ ሳንቲም ነው።

መጀመሪያ ትንፋሹን እዩ። ማልቀስም መሳልም ካቃተው ታንቋል፤ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ በመዳፍ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ።

የሚተነፍስ ከሆነ ዙሪያውን ፈትሹ። ክዳኑ የተከፈተ ሪሞት ካገኛችሁ ይዛችሁት ሂዱ። እንዲያስመልሰው ጣት አትክተቱበት፣ «ይገፋለታል» ብላችሁም ሙዝ ወይ እንጀራ አታጉርሱት።

ባትሪ ከጠረጠራችሁ ደህና ቢመስልም ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ባትሪው ምግብ መውረጃው ላይ ከተቀረቀረ በእርጥቡ ሥጋ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ በዚህ የሚፈጠረው ኬሚካል በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። ያለቀ ባትሪም ያቃጥላል። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፤ ከ6 ጊዜ አይለፍ። ማር ፍለጋ ብላችሁ ግን ባጃጁን አታስቁሙ።

ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ባትሪ ሊሆን ይችላል» ይሁን። ራጁ ላይ የባትሪ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ድርብ ቀለበት ሆኖ ይታያል፣ ሳንቲም ግን ወጥ ነው። የዓሣ አጥንት፣ እንጨትና ፕላስቲክ ራጅ ላይ ላይታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ለሃጩ እየተዝረከረከና ምግብ እምቢ እያለ «ራጁ ንጹህ ነው» ቢባልም ቤት አትመልሱት፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ማየት) ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። ሁለት ማግኔት ከዋጠም አትጠብቁ፤ አንጀቱን መሃል አጣብቀው ይበሱታል።

ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ሲነኩት ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ የአንገት እብጠት ካለ ምግብ መውረጃው ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ሲነኩት እንደ ድንጋይ ከጠነከረና ደጋግሞ ካስመለሰው ደግሞ አንጀቱን ጠርጥሩ።

ባትሪው ወጣ ተብሎም አትዘናጉ። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ትልቁን የደም ሥር ሊበሳ ይችላል። ትንሽም ብትሆን ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው ከጠቆረ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሩጡ፤ ከትንሹ ደም በኋላ ትልቁ ሊከተል ይችላል።