የስቴፕ ውጤትና የሬዚደንሲ ማመልከቻ፦ ዓመት የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ድምጿ ገና ሲሰማኝ ነገሩ ገባኝ። «ዶክተር፣ ስቴፕ 1 ወደቅሁ። የልምምድ ፈተናው ገና እንደሆንኩ ነግሮኝ ነበር፤ ግን ቀኑ ደረሰብኝ» አለችኝ። ስቴፕ የሚባለው በየደረጃው የሚሰጠው የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና (USMLE) ነው፤ ስቴፕ 1 መሠረታዊ የሕክምና ሳይንስን፣ ስቴፕ 2 የበሽተኛ ሕክምናን ይፈትናል። በአሜሪካ ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አመልካቾችን የሚመዝኑት በውጤቱ ጭምር ነው።

«ቀኑ ደረሰብኝ» የሚለውን ቃል ከስንት ሰው እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ቀኑን የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ! ለፈተናው የሦስት ወር ጊዜ ትመርጣላችሁ፤ ካልበቃ ከፍላችሁ ታራዝማላችሁ። ክፍያው በኢትዮጵያ ሐኪም ደመወዝ ሲታሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ የፈተናውን ገንዘብ ያገኛችሁት ዘመድ በውጭ አገር በድርብ ፈረቃ ሠርቶ ከላከው ነው፤ «አራዘምኩት» ብሎ መንገር ያሳፍራል። ቢሆንም ሳይዘጋጁ ገብቶ መውደቅ ከማራዘሚያው ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ውድቀት አይፋቅም። በሁለተኛው ሙከራ ብታልፉም ወደ ፕሮግራሞቹ የሚላከው የውጤት መዝገብ ሁለቱንም ያሳያል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ማመልከቻ በሚታይበት ሰሞን ከአንዲት የፕሮግራም አስተባባሪ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ የተደረደሩት ማመልከቻዎች ከሦስት ሺህ ይበልጣሉ። ማጣሪያውን ከፍታ አራት ነገር ሞላች፦ ፈተናዎቹን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፈ፣ የስቴፕ 2 ውጤቱ ከተወሰነው ቁጥር ያላነሰ፣ ከተመረቀ አምስት ዓመት ያላለፈው፣ ቪዛውም ፕሮግራሙ የሚቀበለው ዓይነት የሆነ። ቁልፉን ስትጫነው ዝርዝሩ ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም የድጋፍ ደብዳቤ አልተነበበም። በገጠር ሆስፒታል ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያዋልድ ያደረ ሐኪም ታሪኩን በሚያምር ቋንቋ ጽፎት ይሆናል፤ ማጣሪያው ካስቀረው ግን ማንም አያየውም። ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ አይሠራም፤ ብዙዎቹ ግን ይሠራሉ።

ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በተለያዩ ሳምንታት ውሰዱ። ስልካችሁን አጥፉ፣ ሰዓት ያዙ፣ በመሐል መልስ አትመልከቱ። ሁለቱም ከማለፊያው በደንብ ከፍ ካላሉ አራዝሙ። «በዕለቱ እግዚአብሔር ያውቃል» የምትሉኝ፣ እኔም አማኝ ነኝ፤ ጸሎት ግን ያልተነበበ ፋርማኮሎጂ አይተካም።

የዚህ ስህተት ሌላው ገጽ ስቴፕ 2ን «ለማለፍ ያህል» መፈተን ነው። ያለፉትን ፈተና ውጤት ለማሻሻል ብሎ መድገም አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ የስቴፕ 2 ማለፊያ 218 ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተኑ የአሜሪካ ተማሪዎች አማካይ ውጤት ደግሞ ወደ 250 ይጠጋል። በ222 ያለፈ ሰው ወደ ኋላ መመለሻ የለውም።

«ስቴፕ 1 እኮ አሁን ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ከጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ጀምሮ ለስቴፕ 1 ቁጥር አይሰጥም። ፕሮግራሞች ግን ቁጥር መፈለጋቸውን አልተዉም፤ ሸክሙ በሙሉ ወደ ስቴፕ 2 ዞረ እንጂ። ስቴፕ 1ን በላይ በላዩ ያለፈ ሰው ስቴፕ 2 ላይ ፊዚዮሎጂውን እንደ አዲስ ሲማር አያለሁ።

የጊዜውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ስቴፕ 2ን የተፈተንኩት በኦገስት መጨረሻ ነበር። ውጤት ለመምጣት በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ይዘገያል። የእኔ ዘገየ። ማመልከቻዎች ለፕሮግራሞች የሚከፈቱት በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በእኛ መስቀል ሰሞን ነው። የእኔ ፋይል ሲከፈት የውጤቱ ቦታ ባዶ ነበር። በኋላ የመጣው ውጤት ጥሩ ነበር፤ የቃለ መጠይቅ ጥሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ተከፋፍለው አልቀዋል። ያን ዓመት ሁለት ጥሪ ብቻ አግኝቼ፣ አመልካቾችን ለፕሮግራሞች ከሚያከፋፍለው ዓመታዊ ምደባ (ማች) ማርች ላይ «አልተመደብክም» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። እናቴ በስልክ «ምን አጠፋህ ልጄ?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ስቴፕ 2ን ፍልሰታ ሳይገባ ጨርሱ።

በቴሌግራም የሚሸጡ «የወጡ ጥያቄዎችን» አትንኩ። በጃንዋሪ 2024 ፈተናውን የሚያስተዳድሩት አካላት ከኔፓል ጋር ግንኙነት ያላቸውን ብዙ ተፈታኞች ውጤት ሰርዘዋል፤ ከእነርሱ መካከል ለዚያ ዓመት ምደባ የሚጠባበቁ ነበሩ።

ከፍተኛ ውጤት ያላቸውም ይሳሳታሉ፤ የእነርሱ ስህተት ይበልጥ ያሳዝነኛል። በስቴፕ 2 258 ያመጣ አንድ ወንድማችን መቶ ለሚሆኑ ፕሮግራሞች አመልክቶ አንድ ጥሪ እንኳ አላገኘም። ዝርዝሩን አብረን ስናየው ከግማሽ የሚበልጡት በድረ ገጻቸው ላይ ቪዛ እንደማይሰጡ በግልጽ ጽፈዋል። በአሜሪካ ሆስፒታል አንድ ወር እንኳ አልሠራም፤ ሦስቱም የድጋፍ ደብዳቤዎቹ ከአገር ቤት የመጡ ነበሩ። በ2024ቱ ምደባ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑ የውጭ ምሩቃን መካከል ቦታ ያገኙት 58.5 በመቶ ሲሆኑ ከአሜሪካ የኤምዲ ተመራቂ ተማሪዎች ግን 93.5 በመቶ ነበሩ። ውጤት ከማጣሪያው ያሳልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው «ከእኛ ጋር መሥራት ይችላል ወይ?» ነው። ኤች 1ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛ የምትፈልጉ ደግሞ የመጨረሻውን ፈተና፣ ስቴፕ 3ን፣ ቀድማችሁ ማለፍ እንዳለባችሁ አትርሱ፤ ለጄ 1፣ ለልውውጥ ቪዛው፣ ግን አያስፈልግም።

በስቴፕ 2 በ245 እና በ248 መካከል ስላለው ልዩነት እንቅልፍ አትጡ። የፈተናው የመለኪያ ስህተት ራሱ ከዚያ ይሰፋል።

ከወደቃችሁ አትደብቁ፤ መዝገቡ ይናገራልና። በግል መግለጫችሁ ላይ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ምን እንደተፈጠረና ከዚያ በኋላ ምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሆስፒታሉ ፈቃድ ከልክሎኝ እያላችሁ ገጽ አትሙሉ፤ ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፣ አንባቢው የሚፈልገው ግን ቀጥሎ የመጣውን ጠንካራ የስቴፕ 2 ውጤት ነው። አንድ ጊዜ በወደቀ ሰው ላይ በር የማይዘጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ በውስጥ ደዌና በቤተሰብ ሕክምና በርከት ይላሉ። እነርሱን በስልክም በኢሜይልም ጠይቃችሁ ለዩ።

ያቺ ወጣት ሐኪም ለሁለተኛው ሙከራ እየተዘጋጀች ነው። ባለፈው ሳምንት የልምምድ ፈተናዋን ውጤት በፎቶ ላከችልኝ፤ ከማለፊያው ትንሽ ከፍ ብሏል። ከፎቶው ሥር «ልግባ?» የሚል ጽፋለች። ወዲያው ደወልኩላት። ሳንሰነባበት፣ እኔ ስልኩ ላይ እየጠበቅኩ፣ ቀኑን በስድስት ሳምንት ገፋችው።